የገመቹ ሳንቃ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በገላፊ ጥርጊያ፣
መሪ እንደ ጨበጥሁ፣ አቧራ ስጠጣ ከሰመራ ሎጊያ፣
ሲኖትራኩ ከሥሬ ሲያጓራ፣ ሲንዘፈዘፍ፣
እኔ ላዩ ተቀምጬ ሥጋ ስደርብ፣ እጥፍ በላይ እጥፍ።
ሰው ሲያየኝ፣ «ተመችቶሃል!» ይለኝ ነበር፤ እውነት መስሎኝ
ቀበቶዬን በሚስማር እበሳለሁ፣ በጠበበኝ።

አሁን ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፤
ሰባ ሁለት ደረጃ፤ ቆጥሬዋለሁ፣ በየሦስቱ ቆሜ ስጨነቅ።
የሦስተኛ ፎቋ እማማ ትርንጎ፣ በሰማንያ ዓመቷ፣
ጀሪካን አዝላ ታልፈኛለች፤
«አይዞህ ልጄ» ትለኛለች በዚያው በፍጥነቷ።

ሚዛኑ መቶ ሠላሳ አንድ አለ።
ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ መነጽሩን አወለቀ፤
«ስኳር በር ላይ ናት» አለኝ፤ ጭኔን ዳበሰና፣ «ይሄ አለቀ።
ስቡ ላይ ላዩን እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ፣
ጡንቻው ከሥር ሟሟ፣ ማን አይቶት፣ ተቃቅፎ።»

እንዲህ ነው ወደ ገመቹ የላከኝ፤
ከብሎኬት ማምረቻው ጎን፣ ከቀለም ሱቁ በላይ፣
አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣
አንዲት የምትንቀጠቀጥ ሳንቃ፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ።

«ውጣባት፣ ጋሽ አጥናፉ። ጉልበትህን እጠፍ፤ ጥቂት ብቻ።»
ወጣሁ። ጥርሴ ተንገጫገጨ፤ ጉንጬ ተርገበገበ፤
ሆዴ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ሳያስፈቅደኝ እስክስታ ወረደ።
ሳቅሁ፤ ሳቄም ተቆራረጠ
ኔትወርክ እንዳጣ ስልክ።

«አትቀልድ» አልሁት፤ «ዕድሜዬን ሙሉ ስንቀጠቀጥ የኖርሁ፣
በሽታዬን መድኃኒት ብዬ በገንዘቤ ልገዛ መጣሁ?»

«ያኔ ተቀምጠህ፣ አሁን ቆመህ ነው» አለ።
«ተቀምጦ ለተነዘረ ወገብ ይሰበራል፤ የቆመ ግን ይነቃል፤
ሳንቃዋ ስትገፋህ ጭንህ ይደነግጣል፣ ይኮማተራል፣ ይይዛል፤
በሰከንድ ሃያ አምስት ጊዜ፣ ‹ወደቅሁ! አልወደቅሁም!› ይላል።
ታች ያለውን ማሽን ስማው፤
አሸዋና ሲሚንቶ ዝም ብሎ ቢፈስ፣ ውሎ አድሮ ይፈርሳል፤
አንቀጥቅጠው ሲያጠብቁት ነው ብሎኬት የሚባል።»

በሳምንት ሦስት ቀን። አንድ ደቂቃ መቆም፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ።
ከእኔ ቀጥላ ወርቅያንሱ ትመጣለች፣ የውሃ ክፍያ ካሸሯ፤
ጫማዋን አውልቃ፣ «በሩን ዝጉልኝ» ትላለች፤
ሰው ያየኛል ብላ፣ እስከ ጆሮዋ ድረስ አፍራ።
እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ፤
የወለሉ ድምፅ በአግዳሚው አልፎ አጥንቴ ድረስ ይመጣል።

ሁለት ወር። ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ መቶ ሠላሳ።
አንዲት ኪሎ!
ለአንዲት ኪሎማ ሥጋ ቤት ደጃፍ ባላልፍ ይበቃኝ አልነበር?
ገመቹ አላጽናናኝም። መስኮቱን እየከፈተ፣
«ሚዛን ስብና ጡንቻ አይለይም» አለ፤ «ደረጃውን ጠይቀው።»

ከዚያ በሰፈር ልቅሶ ሆነ። ድንኳን ገባሁ፣ አግዳሚዋ ዝቅ ያለች፤
ድሮ ሁለት ጎረምሳ በብብቴ ገብተው የሚያነሡኝ፣ እንደዚያች ያለች።
የመሄጃ ሰዓት ደረሰ፤ ተነሣሁ።
እጄን ጉልበቴ ላይ ሳልጫን፣ «እስቲ ያዙኝ» ሳልል፣ ተነሣሁ።
ማንም አላየኝም፤ በሐዘን ቤት የሰው መነሣት ማን ያያል?
ፈገግታዬን በጋቢዬ ጫፍ ሸፈንሁ፤
ሟቹን ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በልቤ።

ትናንት፣ ሳንቃዋ ላይ እንዳለሁ፣ መብራት ጠፋ።
ታች ብሎኬቱ ዝም አለ። ቀለም ሱቁ ሬዲዮው ዝም አለ።
እስከ ኮዬ ፈጬ ድረስ ሰፈሩ ትንፋሹን የዋጠ መሰለ።
«ውረድ፣ ለዛሬ ይበቃናል» አለ ገመቹ።
«ቆይ» አልሁት።
ጉልበቴን እንዳጠፍሁ፣ ቁልቁል ወደ ጭኔ አየሁ፤
ሱሪዬ ውስጥ፣ ለብቻው፣ ይንዘፈዘፋል፣ ይይዛል፣ ይንዘፈዘፋል።

ከሥሬ ምንም ሞተር የለም።